መዳመጫው የማን ነው? የኢላይ ዊትኒ ሕይወትና ሙግት

ባሕር ዳር፡ ታኅሣሥ 30/2017 ዓ.ም

እናቶቻችን ጥጥ ሲዳምጡ ያየ ሰው ፍሬን ከጥጥ መለየት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ጠፍጣፋ ድንጋይ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ጥጡ በላዩ ይደረጋል፤ ቀጭኗ የብረት ዘንግ በመዳፍ እየተገፋች ስትንከባለል ፍሬው እየተገፋ ይወጣል። ደጋኑ፣ ባዘቶው፣ እንዝርቱና ልቃቂቱ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። በቋራና በመተማ ቆላ የሚመረተው ጥጥ ዛሬ ወደ መዳመጫ ፋብሪካ ይጫናል፤ ያቺ የብረት ዘንግ ግን በየገጠሩ ቤት አሁንም ሥራ አልፈታችም።

ይህን የእጅ ሥራ ለአሜሪካ አርሶ አደሮች በማሽን የተካው ኢላይ ዊትኒ ካረፈ 200 ዓመት አልፎታል። በግብርና ኮሌጅ ስንማር ስሙ በአንድ መስመር ይጠቀስ ነበር፤ ማሽኑን ፈጠረ ይባልና ይታለፋል። ከዚያች መስመር በስተጀርባ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ የዘለቀ የፍርድ ቤት ሙግት አለ። አንድ መሣሪያ ሲፈጠር ባለቤቱ ማን ነው? የፈጠረው፣ የገዛው ወይስ አይቶ አስመስሎ የሠራው? ዛሬ በሶፍትዌር ባለቤትነት ላይ የሚነሣው ክርክር ያኔ በጥጥ ማሳ መካከል ተነሥቶ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊትኒ የተወለደው ታኅሣሥ 8 ቀን 1765 በማሳቹሴትስ ዌስትቦሮ በተባለ የገጠር ከተማ ነው። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ ከእርሻቸው ጎን የእጅ ሥራ መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ልጁ ከሞፈርና ከቀንበሩ ይልቅ ወደ መዶሻና ወደ ሞረዱ አደላ። እናቱን ገና በልጅነቱ በሞት አጣ። አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ምስማር ሲጠፋ፣ የ14 ዓመቱ ዊትኒ በአባቱ መሥሪያ ቤት ምስማር እየሠራ መሸጥ ጀመረ።

ለትምህርት ዕድል ያገኘው ዘግይቶ ነው። የእንጀራ እናቱ ኮሌጅ መግባቱን ስላልወደዱለት በእርሻ ጉልበት ሠራተኛነትና በመምህርነት ገንዘብ አጠራቀመ። የል ኮሌጅ ሲገባ 23 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ በ1792 ተመረቀ። የትምህርት ወጪው ዕዳ ስለነበረበት በደቡብ የአንድ ባለጸጋ ልጆችን ለማስተማር ተስማምቶ በመርከብ ተነሣ።

የማስተማሩ ሥራ ሳይሳካ ቀረ። በጉዞው ግን የነጻነቱ ጦርነት ጄኔራል የነበሩትን የናትናኤል ግሪንን ባለቤት፣ ወይዘሮ ካትሪን ግሪንን ተዋወቀ። ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ በጆርጂያ፣ በሳቫና ከተማ አጠገብ መልበሪ ግሮቭ የሚባል ሰፊ እርሻ ነበራቸው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ፊንያስ ሚለርም የየል ምሩቅ ነበር። ዊትኒ በእንግድነት እዚያው ተቀመጠ። በቤቱ የሚሰበሰቡት የአካባቢው ገበሬዎች አንድ ችግር ደጋግመው ያነሡ ነበር፤ በደጋው መሬት የሚበቅለው አጭር ጭረት ያለው ጥጥ ፍሬውን አጥብቆ ይይዛል፤ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈለቅቅ ቢውል ከግማሽ ኪሎ እምብዛም የማይበልጥ ንጹሕ ጥጥ ነው የሚያገኘው። በባሕር ዳርቻ ለሚበቅለው ረጅም ጭረት ላለው ጥጥ ከጥንት ጀምሮ በህንድ የሚታወቀው ባለ ሁለት ዘንግ መዳመጫ ይሠራል፤ ለዚህኛው ግን አልሆነም።

ዊትኒ በ1793 መጀመሪያ ወራት የሠራው መፍትሔ ሲታይ ቀላል ነው። የሽቦ ጥርሶች የተሰኩበት የእንጨት በርሜል በእጅ መዘውር ይዞራል። ጥርሶቹ ጥጡን ይዘው በጠባብ ክፍተቶች መካከል ይጎትቱታል፤ ፍሬው በክፍተቱ ማለፍ ስለማይችል ወደ ውጭ ይወድቃል። በተቃራኒው የሚዞር ብሩሽ ደግሞ ከጥርሶቹ ላይ ጥጡን ጠርጎ ያነሣል። በዚህች ትንሽ ማሽን አንድ ሰው በቀን 50 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 23 ኪሎ የሚጠጋ ጥጥ ያጸዳ ነበር።

የብሩሹን ሐሳብ ያመጡት ወይዘሮ ግሪን ናቸው የሚሉ አሉ። በዚያ እርሻ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ፍሬ ለማውጣት የሚጠቀሙበት ማበጠሪያ መሰል ነገር መነሻ ሆኖታል የሚሉም አሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙበትም። በባርነት የተያዘ ሰው በሕግ ፊት የራሱ ንብረት እንኳ ሊኖረው ስለማይችል፣ ሐሳቡን ሰጥቶ ቢሆን ኖሮም ስሙ የሚመዘገብበት ወረቀት አልነበረም።

ዊትኒ የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ያመለከተው ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለነበሩት ለቶማስ ጀፈርሰን ነው። ጀፈርሰን ራሳቸው ጥጥ የሚያመርቱ ባለ እርሻ ስለነበሩ ማሽኑ ምን ያህል እንደሚሠራና በስንት ሰው እንደሚንቀሳቀስ ጠይቀው ጻፉለት፤ ለቤታቸውም አንድ ፈለጉ። መብቱ መጋቢት 14 ቀን 1794 ተሰጠው። ዘመኑም 14 ዓመት ነበር።

የዊትኒ ስሕተት የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እሱና ሚለር ሽርክና ገብተው የወሰኑት ማሽኑን ላለመሸጥ ነበር። በየአካባቢው እንደ ወፍጮ ቤት መዳመጫ ሊያቆሙ፣ ገበሬው ጥጡን እያመጣ ሊያስዳምጥ፣ ክፍያውንም በጥጥ ሊወስዱ ተነሡ። የጠየቁት ከአምስት እጅ ሁለቱን ነው። በእኛ ሀገር የቀድሞ ጭሰኛ አነጋገር ከሲሶ ይበልጣል፤ ከእኩል ትንሽ ያንሳል። ሲሶ የከፈለ ጭሰኛ ቢያንስ መሬቱን ያርስበታል፤ የጆርጂያ ገበሬ ግን መሬቱም፣ ዘሩም፣ አረሙም የራሱ ሆኖ ለአንድ ቀን የመዳመጥ ሥራ ይህን ያህል ቆርሶ ሊሰጥ ነበር። ሰሚው ሁሉ ተቆጣ።

ንዴቱ ላይ የማሽኑ ቀላልነት ተጨመረበት። መብቱ ገና ሳይሰጥ የማሽኑ መሥሪያ ቤት በሌሊት ተሰብሮ ናሙናው መወሰዱ ይነገራል። አንድ ጊዜ ያየ አናጢና ቀጥቃጭ ሁሉ አስመስሎ መሥራት ይችል ነበር፤ ሠራም። ሁለቱ ሸሪኮች በበኩላቸው የሚፈለገውን ያህል ማሽን ማድረስ አልቻሉም። በ1795 በኒው ሄቨን ያለው ፋብሪካቸው ተቃጠለ። በእንግሊዝ ሀገር ደግሞ ማሽኑ የጥጡን ጭረት ይጎዳል የሚል ወሬ ተሠራጨ። በ1796 ሆጅን ሆምስ የተባለ ሰው በሽቦ ጥርሶች ፈንታ የመጋዝ ጥርስ ያላቸውን ክብ ብረቶች ተጠቅሞ የተሻሻለ መዳመጫ ሠራ፤ መብትም ተሰጠው። የጥጡ ማሳ እየሰፋ፣ መኸሩ እየደረሰ፣ ገበሬው ከኒው ሄቨን የሚመጣ ማሽን ሲጠብቅ ጥጡ እንዲበሰብስበት አልፈቀደም። እኔም በዚህ አልፈርድበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የዊትኒ ሕይወት ሙግት ነው። በ1797 የመጀመሪያው ክስ በጆርጂያ ቀርቦ ተሸነፈ። ምክንያቱ የሕጉ አጻጻፍ ነበር፤ በ1793 የወጣው ሕግ ተከሳሹ ማሽኑን የሠራም የተጠቀመበትም ሆኖ እንዲገኝ የሚያስገድድ ሆኖ ተነበበ። አንዱ ሠርቶ ሌላው ቢጠቀምበት ሁለቱም ከሕጉ ያመልጣሉ። ምክር ቤቱ ይህችን የቃል ቀዳዳ የደፈናት በ1800 ነው። እስከዚያ ድረስ መብቱ ለዊትኒ በሰማይ እንዳለችው ላም ሆነችበት፤ ወተቷን አላየም።

ሕጉ ከተስተካከለ በኋላም ነገሩ አልቀለለም። ፈራጅ ሆነው የሚቀመጡት የአገሬው ሰዎች ራሳቸው ጥጥ አምራቾች ነበሩ። ዊትኒ የእንፋሎት መርከብን ለሥራ ላበቃው ለሮበርት ፉልተን በጻፈው ደብዳቤ ይህን በምሬት አስታውሶታል። ማሽኑ በጆርጂያ ሥራ ላይ መዋሉን ማስረዳት አቅቶት ሲንገላታ፣ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ሆኖ በአቅራቢያው የሚሠሩ የሦስት መዳመጫዎች ድምፅ ይሰማ እንደነበር ገልጾለታል።

ሸሪኮቹ ዘግይተውም ቢሆን አካሄዳቸውን ቀየሩ። እያንዳንዱን ገበሬ ከማሳደድ ይልቅ ከክልል መንግሥታት ጋር መደራደር ጀመሩ። ይህ የታሪኩ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለእኔ ግን ትልቁን ትምህርት የያዘው እሱ ነው። የደቡብ ካሮላይና ምክር ቤት በ1801 መጨረሻ ለክልሉ ነዋሪዎች ሁሉ የመጠቀም መብቱን በ50 ሺህ ዶላር ለመግዛት ወሰነ፤ 20 ሺሁ በቅድሚያ፣ ቀሪው በየዓመቱ የሚከፈል። ከዚያ ወዲያ ማንም የክልሉ ገበሬ መዳመጫ ቢሠራ ወይም ቢያሠራ ጠያቂ የለበትም። ሰሜን ካሮላይና ሌላ መንገድ መረጠ፤ ሥራ ላይ ባለ ማሽን ላይ በመጋዝ ቁጥር ለተወሰኑ ዓመታት ግብር ጥሎ ገቢውን ለፈጣሪው ማስተላለፍ። ቴነሲም ተመሳሳዩን አደረገች።

የፈጠራን ጥቅም ለሕዝብ አውሎ ፈጣሪውንም ባዶ እጁን ላለማስቀረት የተሞከሩ መንገዶች ነበሩ። ጉድለታቸው አፈጻጸማቸው ነው። ደቡብ ካሮላይና ሆምስና ሌሎች ከዊትኒ በፊት አስበውታል የሚል ክርክር ሲነሣ ክፍያውን አቁማ የከፈለችውንም እንዲመልስ ከሰሰችው። በ1803 ሸሪኩ ሚለር ሞተ። ዊትኒ ብቻውን ተሟግቶ በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ ውሳኔውን መልሶ አጸናለት። በጆርጂያም በ1807 መጨረሻ ዳኛ ዊልያም ጆንሰን ፈጣሪው እሱ መሆኑን አረጋግጠው ፈረዱለት። ፍርዱ የተሰማው የመብቱ ዘመን በሚያበቃበት ወቅት ነው። ከክልሎቹ ያገኘው ገንዘብ አብዛኛው ለጠበቃ፣ ለጉዞና ለዕዳ አልቋል።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ለተገለበጠው ማሽን ወይም ለተገለበጠበት ሰው ሊያዝን ይችላል። በመዘውሩ ላይ እጃቸውን ያሳረፉትን ግን ማንም በፍርድ ቤት አልጠራቸውም። በ1793 ከአሜሪካ ወደ ውጭ ይላክ የነበረው ጥጥ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ አይሞላም ነበር፤ በ1810 93 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። መዳመጫው ፍሬ የመፈልቀቁን ድካም ሲያቃልል የመዝራቱን፣ የመኮትኮቱንና የመልቀሙን ሥራ አበዛው። ያ ሥራ ደግሞ በባርነት በተያዙ ጥቁሮች ጀርባ ላይ ተጫነ። በ1790 በሀገሪቱ በባርነት የሚኖሩት ሰዎች ወደ 700 ሺህ ይጠጉ ነበር፤ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደርሰዋል። ከአፍሪካ ባሪያ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ በሕግ ቢከለከልም፣ ከድሮዎቹ የትንባሆ እርሻዎች ወደ አዲሱ የጥጥ ምድር የሚሸጡት ቤተሰቦች ተበታተኑ። ማሽኑ ለማንም ክፍት ሆኖ ተሠራጭቷል፤ ክፍትነቱ የጠቀመው ግን መሬትና ሰው የነበራቸውን ነው። ሁሉም ነገር በነጻ ቢገለበጥ ችግሩ ሁሉ ይፈታል የሚል ክርክር በሰማሁ ቁጥር የጆርጂያ ማሳ ትዝ ይለኛል።

ዊትኒን ከዕዳ ያወጣው ሌላ ሥራ ነው። በ1798 ከፈረንሳይ ጋር የጦርነት ሥጋት ሲያንዣብብ ለመንግሥት 10 ሺህ ጠመንጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ለማስረከብ በ134 ሺህ ዶላር ተዋዋለ። ከዚያ በፊት አንድም ጠመንጃ ሠርቶ አያውቅም። ያቀረበው ሐሳብ ግን አጓጊ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል በማሽን በአንድ ልክ ከተሠራ የአንዱ ጠመንጃ ዕቃ ለሌላው ይገጥማል፤ የተሰበረውም በቀላሉ ይተካል። በ1801 በዋሽንግተን በፕሬዚዳንት ጆን አዳምስና በተመራጩ ጀፈርሰን ፊት የመተኮሻ ክፍሎችን እየቀያየረ ሲገጥም ተመልካቹን አስደነቀ። ከረጅም ዘመን በኋላ የተደረገ ምርመራ ግን የእሱ ጠመንጃዎች ዕቃዎች በእርግጥ እንደማይቀያየሩ፣ በእጅ በሞረድ እየተስተካከሉ የተገጠሙ እንደነበሩ አሳይቷል። ሐሳቡም ቢሆን ቀደም ሲል በፈረንሳይ በኦኖሬ ብላን ተሞክሯል፤ ጀፈርሰንም እዚያ አምባሳደር ሳሉ አይተውት ነበር። የመጨረሻው ጠመንጃ የተረከበው በ1809 ነው፤ ከውሉ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ።

የሆነው ሆኖ፣ የተሰበረን አውጥቶ ሌላ መተካት የሚለው ሐሳብ ከጠመንጃው አልፎ ወደ ማረሻውና ወደ ትራክተሩ ገባ። ገበሬ መፍቻ ይዞ የራሱን ማሽን መጠገን የቻለው በዚህ ነው። አሁን ይህ ችሎታ በሶፍትዌር እየተቆለፈ ነው። የአዲስ ትራክተር ሞተር፣ ማርሽና ሃይድሮሊክ በኮምፒውተር ይታዘዛሉ፤ ዕቃው ቢቀየርም የአምራቹ ሶፍትዌር ካላወቀው ማሽኑ አይነሣም። በተማርኩበት ኮሌጅ የተግባር ትምህርት ላይ የገጠመኝን አልረሳውም። አሮጌው ትራክተር ሲቆም መምህራችን በመፍቻና በጨርቅ አስነሡት፤ አዲሱ ግን በመስታወቱ ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ ቆመ። የቁጥሩን ትርጉም የሚያውቀው ባለሙያ ኮምፒውተሩን ይዞ እስኪመጣ የእርሻው ወቅት አለፈ።

በአሜሪካ ገበሬዎች ይህን ተቃውመው ተነሥተዋል። በ2015 የሀገሪቱ የቅጂ መብት አስተዳደር ባለንብረቶች ትራክተራቸውን ለመጠገን የሶፍትዌር ቁልፉን እንዲያልፉ ፈቀደ። በ2023 የኮሎራዶ ክልል አምራቾች የጥገና መሣሪያና መረጃ ለገበሬው እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አምራቾቹ ሶፍትዌሩ ከተነካካ የማሽኑ ደኅንነትና የጭስ ልቀት መቆጣጠሪያው ይበላሻል ይላሉ። ከኮምፒውተር ባለሙያዎች ወገን ደግሞ በ1983 ሪቻርድ ስታልማን የጀመረው የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ጥያቄውን ቀድሞ አንሥቶታል። እሱንም ለዚህ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ በሚሠራበት ተቋም ወረቀት እየነከሰ ያስቸገረ የማተሚያ ማሽን ነበር፤ ለማስተካከል የፕሮግራሙን መነሻ ጽሑፍ ቢጠይቅ ተከለከለ። ማንም ሰው ፕሮግራሙን የመመርመር፣ የማሻሻልና ለሌላው የማካፈል መብት ይኑረው የሚለው አቋሙ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ተከታይ አፍርቷል።

ለፈጠረ ሰው ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው፤ ዊትኒ ለማሽኑ ሳይከፈለው ቀርቷልና በደሉ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ትራክተር የገዛ ገበሬ በየብልሽቱ እንደገና ለባለቤትነት ሲከፍል፣ ከአምስት እጅ ሁለቱን የጠየቀው የመዳመጫ ቤት በሌላ መልክ ተመልሷል ማለት ነው። በክልላችን የትራክተርና የኮምባይነር ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ ነው። ለማኅበራትና ለዩኒየኖች ግዥ የሚፈጽሙ ሁሉ ከዋጋው ጎን የጥገናው መረጃ በማን እጅ እንደሚቀር ውሉ ላይ ሊያዩት ይገባል።

ዊትኒ በ1812 የመዳመጫው መብት እንዲታደስለት ምክር ቤቱን ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። ከዚያ ሙግት በኋላ በጠመንጃ ፋብሪካው የሠራቸውን አዳዲስ መሣሪያዎች ለማስመዝገብ አልሞከረም፤ በስፕሪንግፊልድ ከሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጋር የአሠራር ዘዴ ይለዋወጥ ነበር። በ1817፣ ከ50 ዓመቱ በኋላ፣ ሄንሪየታ ኤድዋርድስን አግብቶ ልጆች ወለደ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሕመም ሲጸናበት ለሥቃዩ ማስታገሻ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ራሱ እየነደፈ ይጠቀም ነበር። ጥር 8 ቀን 1825 በ59 ዓመቱ በኒው ሄቨን ዐረፈ። ፋብሪካውን የእኅቱ ልጆች ያዙት፤ በስሙ የተጠራው ወንድ ልጁ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበር።